ሥዕል ሊያዩ ከመጡ ሰዎች ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር የሥዕል ዐውደ ርዕይ ስናዘጋጅ እንግዳ የማስተናግደው እኔ ነኝ። ተማሪዎችም ይዤ አዲስ አበባ ሙዚየም እወስዳለሁ። ሰው ሥዕል ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ሙዚየም የምትሠሩ፣ ተማሪ የምትወስዱ፣ ወይም ቤተሰባችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሰው ሳያይ ማስረዳት መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ገቡ። የሀዋሳ ሐይቅን ጠዋት የሚያሳይ ሥዕል ፊት ቆሙ። እኔ ወዲያው ጀመርኩ። ሠዓሊው ሰማያዊውን ለምን እንዳበዛው፣ ብርሃኑን ከየት እንዳመጣው፣ የት እንደተማረ ሳይቀር ዘረዘርኩላቸው። እሳቸው በአክብሮት «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ዐይናቸው ግን ከጀልባው አልተነሳም። ትንፋሽ ስወስድ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ መረቡ እርጥብ ነው። ጀልባው ግን ባዶ ነው። ይሄ ሰው ዛሬ አልቀናውም» አሉኝ።

ዞሬ አየሁ። እውነትም ከመረቡ ጫፍ ሦስት ነጭ ነጠብጣቦች ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስንት ቀን በፊቱ አልፌያለሁ፤ ነጠብጣቦቹን ግን አንድም ቀን አላየሁም። ጋሼ በወጣትነታቸው አሞራ ገደል ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ትንፋሽ ለመውሰድ ባላቆም ኖሮ ይህን ሁሉ ይዘው ሊወጡ ነበር።

አቢጌል ሃውሰን እና ፊሊፕ የናዋይን የተባሉ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ለዚህ የሚሆን ቀላል ዘዴ አላቸው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። እዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ሰውየው ወደ ሥዕሉ ተመልሶ ማስረጃ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ዝም ብሎ መገመትም አይቻልም።

መረጃ አትስጡ ማለቴ ግን አይደለም። ጊዜውን ጠብቁ ነው የምለው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ተማሪዎቼ ረቂቅ ሥዕል ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ የሚሉት «ቲቸር፣ ምንም አልገባኝም» ነው። ትንሽ ቆመው ቀለሙንና ቅርጹን ማውራት ሲጀምሩ ነው የሠዓሊውን ነገር የማነሳው። ገጣሚም እንደነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከአገሩ ርቆ አሜሪካ ውስጥ እንዳረፈ ያኔ ስነግራቸው ፀጥ ይላሉ። ከዚያ ተመልሰው ያዩታል። ይህንኑ በር ላይ ብነግራቸው ግን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ያልፉ ነበር።

«ይህን ያህል መንገድ መጥተንማ!» ብሎ ሁሉንም ለማሳየት መሮጥ

ከሀዋሳ አዲስ አበባ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን፣ ብር አዋጥተን፣ ያላየነው ክፍል ትተን መመለስ ያሳዝናል። ይገባኛል። ግን ድካሙ ቀልድ አይደለም። የቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ ቤንጃሚን ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 «የሙዚየም ድካም» ብሎ ጽፎበታል። አንድ ሰው ዕቃዎቹን በደንብ ለማየት ሲያጎነብስ፣ ሲንጠራራና ሲጎብጥ በፎቶ አሳይቷል። እኔ የወሰድኳቸው ልጆችም ሦስተኛው ክፍል ላይ ግድግዳ መደገፍ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የሚያዩት ወንበር የት እንዳለ ነው።

ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች አንድ ሥዕል ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ተለክቶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። አማካዩ 27 ሰከንድ ነው። ግማሾቹ ዕይታዎች ደግሞ ከ17 ሰከንድ አላለፉም። ታዋቂ ሥዕሎች ፊት ነው ይሄ! ስለዚህ አሁን አራት ሥዕል እመርጣለሁ። እያንዳንዱ ፊት እንቀመጣለን፣ ውሃ እንጠጣለን፣ እናወራለን። ሌላውን የፈለገ በራሱ ጊዜ ይዞረዋል።

ወሬን እንደ ረብሻ መቁጠር

አንዲት ልጅ አያቷን ይዛ መጣች። ሥዕሉን በሲዳምኛ እየተረጎመች ታስረዳቸዋለች። አያት ይመልሳሉ፣ ትስቃለች፣ ደግማ ትጠይቃቸዋለች። አስተናጋጃችን «እባካችሁ ዝም በሉ» አላቸው። ዝም አሉና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጆን ፎልክ እና ሊን ዲርኪንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሙዚየም ትምህርት በሦስት ነገር እንደሚወሰን ያስረዳሉ። ሰውየው ይዞት የመጣው ሕይወት፣ አብሮት ያለው ሰውና ቦታው ራሱ። ከሦስቱ አንዱን በአንድ ቃል አባረርነው ማለት ነው። አያትና የልጅ ልጅ ሲያወሩ ቀረብ ብሎ ወንበር መስጠት ነበር የሚሻለው።

ረጅም ጽሑፍ መለጠፍ

ቆሞ የሚያነብ ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነው። አራትና አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፊደሉ ይተልቅ፣ ከፍታው ሕፃንም አዛውንትም ሳይንጠራራ የሚያነበው ይሁን። ደግሞም ወደ ሥዕሉ የሚመልስ ጽሑፍ ይሁን። «የግራ እጇን እዩ» የሚል አንድ መስመር ከሠዓሊው የሽልማት ዝርዝር የበለጠ ይሠራል።

ስለ ስልክም ላንሳ። ሊንዳ ሄንክል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ሙሉውን ዕቃ ፎቶ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ያነሰ ነው ያስታወሱት። አንድ ክፍሉን አቅርበው ያነሱት ግን ትዝታቸው አልተጎዳም። እኔም አልከለክልም። «የወደዳችሁትን አንድ ቦታ ብቻ አቅርባችሁ አንሱ» እላለሁ። ያን ቦታ ለመምረጥ ማየት ግድ ነው።

በር ላይ «እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ

እኛ ጋ እንግዳ ባለቤቱን ፊት ለፊት አያስቀይምም። «በጣም ቆንጆ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፤ ይወጣል። የአስተያየት መዝገቡም እንደዚሁ ነው። እኛ ደግሞ ፊርማውን ቆጥረን ተሳካ እንላለን። ይልቅ ሰው የት እንደቆመ፣ ወደ የትኛው ሥዕል ተመልሶ እንደመጣ፣ ምን እንዳወራ አስተውሉ። ስትጠይቁም «ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስለየትኛው ታወራላችሁ?» በሉ። ከሳምንታት በኋላም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ነገር ቆይቶ ነው የሚወጣው።

ያ የሐይቁ ሥዕል ከወረደ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ተማሪዬ እየሮጠ መጣ። «ቲቸር፣ ሐይቁ እኮ ጠዋት ሰማያዊ አይደለም። አመድማ ነው። ሠዓሊው ለምን ሰማያዊ አደረገው?» አለኝ። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አልኩት። እስከ ፒያሳ እያወራን በእግራችን ሄድን። ማታ መዝገቡን ገልጬ ስሙን ፈለግኩ። ያን ቀን የጻፈው «አሪፍ ነው» ብቻ ነበር።