በዶከር ላይ ሌሎች የሠሩትን ፕለጊን እንዴት መጫን እንደሚቻል

ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ ለየብቻቸው በተከለሉ ክፍሎች ውስጥ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው። አንድ ኮንቴይነር ሲሰረዝ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይጠፋል፤ ስለዚህ መጥፋት የሌለባቸው ፋይሎች ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ፣ ቮልዩም በሚባል ማስቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ። ቮልዩሙ ግን በተለመደው አሠራር ያው የሰርቨሩ ዲስክ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ሰነዶቹ ከሐረጎ ዳገት ማዶ፣ ደሴ ባለው ሰርቨር ላይ እንዲቀመጡለት ቢፈልግ፣ ሌሎች ባለሙያዎች የሠሩትን ፕለጊን፣ ማለትም ለዶከር ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ በዶከር ላይ መጨመር አንዱ መፍትሔ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ኤስኤስኤችኤፍኤስ በሩቅ ያለን ፎልደር እንደ ቅርብ ቮልዩም ያቀርባል።

በመጀመሪያ ሰርቨሩ ሊኑክስ፣ የዶከሩም እትም ከ1.13 ያላነሰ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፕለጊንን በዶከር ትእዛዝ ማስተዳደር በይፋ የተጀመረው ይህ እትም በፈረንጆቹ ጥር 2017 ሲወጣ ነው።

ቀጥሎ «ዶከር ፕለጊን ኢንስቶል» ብለው የሠሪውን መለያና የፕለጊኑን ስም በእዝባር (/) ለይተው ይጻፉ፤ ከሩቅ ሰርቨር ጋር በምስጢር የሚያገናኝዎት የኤስኤስኤች ቁልፍዎ ያለበትን ፎልደርም እዚያው ያመልክቱ። የይለፍ ቃልን ትእዛዝ ውስጥ መጻፍ በተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ስለሚያስቀረው አልመክርም።

ዶከር ወዲያው አይጭነውም፤ ፕለጊኑ የሚፈልጋቸውን ፈቃዶች ዘርዝሮ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሳያነብ «ዋይ»ን (እሺ ማለት ነው) የሚጫነው እዚህ ላይ ነው፤ ከሥራው ሁሉ ዋናው ግን ይህ ነው። ኤስኤስኤችኤፍኤስ የሰርቨሩን ኔትወርክ በቀጥታ መጠቀም፣ የፋይል ማከማቻዎችን ለማያያዝ የሚያገለግለውን ፊዩዝ የተባለ የሊኑክስ መሣሪያ መክፈትና «ካፕ ሲስ አድሚን» የሚባለውን እጅግ ሰፊ ሥልጣን ይጠይቃል። የሩቅ ፎልደርን ከሰርቨሩ ጋር ማያያዝ ያለ እነዚህ ስለማይሆን ጥያቄው ተገቢ ነው። ሎግ (የፕሮግራሞችን የሥራ መዝገብ) ብቻ የሚያስተላልፍ ፕለጊን ይህንኑ ሥልጣን ቢጠይቅ ግን፣ ለማያውቁት ሰው የጎተራ ቁልፍ እንደ መስጠት ነውና ምክንያቱን ሳይረዱ አይፍቀዱ። ጥያቄውን የሚያስቀር አማራጭ አለ፤ አይጠቀሙበት።

ከዚያ «ዶከር ፕለጊን ኤልኤስ» ብለው መብራቱን፣ ማለትም «ኢነብልድ» በሚለው ሥር «ትሩ» መባሉን ይመልከቱ። «ዶከር ቮልዩም ክሬት» በሚለው ትእዛዝ የፕለጊኑን ስምና የደሴውን ሰርቨር አድራሻ ሰጥተው ቮልዩሙን ይፍጠሩ፤ በአንድ ትንሽ ኮንቴይነር በኩል «ሙከራ» የተባለ ፋይል ይጻፉበትና ደሴ ላለው ባልደረባዎ ደውለው «ፋይሉ ደረሰ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ደሴ ላይ መብራት ቢጠፋ ንባቡም ጽሑፉም ስለሚቋረጥ ዳታቤዝ እንዲህ ባለ ቮልዩም ላይ አያስቀምጡ።

ፕለጊኑን ለማንሳት መጀመሪያ የሚጠቀሙበትን ኮንቴይነሮችና ቮልዩሞች ያስወግዱ፣ ከዚያ «ዲስኤብል» አድርገው ይሰርዙት። ለማሻሻልም እንዲሁ ማጥፋት ይቀድማል፤ አዲሱ እትም ፈቃድ ሲጠይቅ ዝርዝሩን እንደገና ከላይ እስከ ታች ያንብቡ።