360,360ን ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ማታ ማታ ተማሪዎችን ሳስጠና ስለ ቁጥሮች ባሕርይ በተነሣ ቁጥር የምመርጠው ምሳሌ 360,360 ነው። ከ1 እስከ 15 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ትንሹ የጋራ ብዜት ይኸው ሲሆን፣ የ2 ሦስተኛ ርቢ፣ የ3 ሁለተኛ ርቢ፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ሲባዙ ይገኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ሁለት አካፋዮችን አባዝቶ ውጤቱም አካፋይ ነው ማለት ነው። በጣና ላይ መንገደኛ የሚያመላልሱ የጀልባ ማኅበር አባላት 360,360 ብር እኩል ሊካፈሉ ተቀመጡ እንበል፤ ከ15 እስካልበለጡ ድረስ ሳንቲም መቁጠር አያስፈልጋቸውም። «ለ2ም ለ8ም ስለሚካፈል ለ16ም ይካፈላል» ያለ ተማሪ ግን 16ኛው አባል ሲጨመር የእያንዳንዱ ድርሻ 22,522 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ያገኘዋል። ማባዛቱ ሁልጊዜ የሚሠራው ሁለቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ነው፤ 8 እና 9 እንዲህ ስለሆኑ ቁጥሩ ለ72 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

አካፋዮቹን ሲቆጥሩ ከላይ በተባዙት ቁጥሮች አርቢዎች (3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1 እና 1) ላይ 1 1 መጨመርን መርሳትም የተለመደ ነው። 4 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 ሲባዛ 192 አካፋዮች ይገኛሉ፤ የረሳው 6 ብሎ ያርፋል።

ብዙዎችን የሚጥለው ግን ጎረቤቱ 360,361 ነው። ከ2 እስከ 15 ባለ በማንኛውም ቁጥር ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ ጎበዝ የሚባሉት ሳይቀሩ «ብቸኛ ቁጥር ነው»፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብለው ይፈርዳሉ። ያ ቀሪ የሚያረጋግጠው ትንንሾቹ እንደማያካፍሉት ብቻ ነው። የቁጥሩ ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) ከ600 ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ፍርድ ከመስጠት በፊት እስከዚያ ያሉትን 109 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ግድ ይላል፤ አድካሚ ነው፣ እኔም ራሴ መሀል ላይ ለማቆም ተፈትኜ አውቃለሁ። 83 ላይ የታከተው ሰው የሚቀጥለውን ቢሞክር ኖሮ 89 × 4,049 መሆኑን ባየ ነበር።

የመጨረሻው ስህተት ከስያሜ ይመጣል። ከራሱ በቀር ያሉት የ360,360 አካፋዮች ድምር 1,212,120 ሆኖ ቁጥሩን ስለሚበልጥ «ትርፍ» ሊባል ይችላል፤ ይህ ግን ከትልቅነቱ የመጣ አይደለም፣ በ1 የሚበልጠው 360,361 ድምሩ 4,139 ብቻ ነውና። ድምራቸው የሚያንሰውን «ጎዶሎ» ብሎ መጥራት የሚያምር ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ ቋንቋ ጎዶሎ ማለት ለ2 እኩል የማይካፈል ቁጥር ነው። 360,361 በሁለቱም ፍቺ ጎዶሎ ስለሆነ መምታታቱ አይታወቅም። 10 ግን ለ2 እየተካፈለ የአካፋዮቹ ድምር 8 ብቻ ነው፤ 945 ደግሞ ለ2 ሳይካፈል ድምሩ 975 ይደርሳል።