ጥንድ ዘጠኝ ሲመጣ፦ ፍሎፕ ሳይከፈት የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ካዚኖ ገብተህ ባለ 1 እና 3 ዶላር የፖከር ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ በሰዓት 30 እጅ ገደማ ይታደልልሃል። ከሚታደሉህ ሁለት ካርታዎች ከጥንድ ሰባት (ሁለቱም ሰባት) እስከ ጥንድ አስር ካሉት አራቱ አንዱ የሚደርስህ በአማካይ ከ55 እጅ አንዴ ነው። ወደ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እርባና ቢስ ካርታ ሲጥል የቆየ ሰው ጥንድ ዘጠኝ ሲያይ ሎተሪ የወጣለት ያህል ይሰማዋል። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ጥንዶች ሁለት ሥራ አላቸው። ጥቂት ሰው ሲኖር እንዳሉ ያሸንፋሉ። ብዙ ሰው ሲኖር ወይም ከፊትህ ያለው ሰው ሲበረታ ደግሞ ፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም የሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች) ላይ ሦስተኛዋን አቻቸውን ፍለጋ ይሄዳሉ። (ተጫዋቾች ይህንን «ሴት» ይሉታል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ትርጉም ስላለው እኔ «ሦስት መምታት» እላለሁ።) የሚከተሉት ስህተቶች ሁሉ የሚመጡት፣ የትኛውን ሥራ እንደምናሠራቸው ሳንወስን ቺፕ ስንወረውር ነው።

ሁሉንም ለማባረር አጋኖ መክፈት

ይህ የራሴ በሽታ ነበር። አንድ ቀን ጥንድ ዘጠኝ ይዤ 35 ዶላር ከፈትኩ፤ የመጀመሪያውን ጭማሪ አደረግኩ ማለት ነው። ሁሉም ጣሉ። የሰበሰብኩት 4 ዶላር ብላይንድ (ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስቀምጡት 1 እና 3 ዶላር) ነው። ከሰዓታት በኋላ በዚያው ጥንድ ያንኑ ደገምኩት። አንድ ሰው ብቻ ተከተለኝ፤ ጥንድ ኪንግ ይዞ።

ጠረጴዛው ላይ በዕድሜ የገፉ ያገሬ ሰው ነበሩ። እጅ እየተጫወቱ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ማውራት ስለማይፈቀድ ዝም ብለው ተመለከቱኝ። ኋላ ቡና ልንቀዳ ስንነሳ፣ «አንተ ልጅ፣ የፈራኸው እኛን ነው ወይስ ዘጠኝህን?» አሉኝ።

«ፍሎፑን ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥንድ ዘጠኝ ስትይዝ ፍሎፕ ላይ ቢያንስ አንድ የሚበልጥህ ካርታ የሚወጣው 79 በመቶ ጊዜ ነው። ለጥንድ ስምንት 87፣ ለጥንድ አስር 70 በመቶ ይሆናል። ግን ኪንግ ጠረጴዛ ላይ ወጣ ማለት ባላጋራህ ኪንግ ይዟል ማለት አይደለም። ጥንድ ያልያዘ ሰው ፍሎፕ ላይ ጥንድ የሚያገኘው ከሦስት ጊዜ አንዴ ቢሆን ነው። 35 ዶላር ስትከፍት የምታባርረው እነ ጥንድ ስድስትን፣ እነ ኤስ-ዘጠኝን ነው። እነሱ ደግሞ ቢከተሉህ የምትፈልጋቸው ናቸው። የሚቀርልህ ጥንድ ኪንጉ ነው።

በብዙ እንዲህ ያሉ ጠረጴዛዎች 12 ወይም 15 ዶላር ይበቃል። ቀድመው 3 ዶላር ብቻ ከፍለው የገቡ ካሉ ለእያንዳንዳቸው 3 ዶላር ጨምርበት።

ሳይቆጥሩ «ሦስት ልምታ» ማለት

ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነው፤ ትንሽ በትንሽ ስለሆነ ግን ማንም አያየውም። ጥንድ ይዘህ ፍሎፕ ላይ ሦስት የምትመታው 12 በመቶ ገደማ ነው። ለአንዱ መምታት ሰባት ተኩል መሳት ይመጣል። ለ15 ዶላር ጭማሪ ስትከተል፣ የሳትካቸውን ለመመለስ ብቻ በመታህ ቁጥር ከ112 ዶላር በላይ ማግኘት አለብህ።

መምታት ደግሞ መከፈል አይደለም። ባላጋራህ ኤስ-ኪንግ ይዞ ፍሎፑ 8-5-2 ከሆነ አንተ በደስታ ስትንቀጠቀጥ እሱ ካርታውን ይጥላል። አልፎ አልፎ ደግሞ መትተህም ትሸነፋለህ። ካዚኖውም መሀል ከተሰበሰበው ገንዘብ ድርሻውን ያነሳል። ስለዚህ የለመዱ ሰዎች የምትከፍለውን ከ15 እስከ 20 እጥፍ የሚሆን ገንዘብ ፊታችሁ መኖሩን ያያሉ። ለ15 ዶላር ከ225 እስከ 300 መሆኑ ነው። የሚቆጠረውም የአንተ ብቻ ሳይሆን ከሁለታችሁ ያነሰው ነው። አንተ 500 ይዘህ እሱ 90 ከያዘ ጨዋታው የ90 ዶላር ነው። ስድስት እጥፍ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ማን እንደጨመረም እይ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ቆይቶ አሁን 15 ያለ ዝምተኛ ሰው፣ ፊቱ ብዙ ካለ ምርጥ ደንበኛህ ነው። ጥንድ ኤሱን ቆርጦ መጣል አይችልም፤ ብትመታ ይከፍልሃል። በሁለት እጅ አንዴ የሚጨምረው ቀበጥ ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልያዘም፤ ከምንም ላይ ደግሞ ምንም አይሰበሰብም። እሱ ላይ ሦስት አትጠብቅ። ጥንድ ዘጠኝህ ወይም አስርህ አሁኑኑ ሳይበልጠው አይቀርም፤ 15 ሲል 45 በለው። እኔ ይህን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሰው የሚፈራው የሚጮኸውን ነዋ።

አስርን እንደ ሰባት መግባት

አራት ሰው 3 ዶላር ከፍሎ ከገባ በኋላ ጥንድ ሰባት ይዞ አብሮ መግባት ችግር የለውም። በርካሽ ነው፣ ሰውም ብዙ ነው። ጥንድ አስር ይዞ እንዲሁ ማድረግ ግን ኩዊን-ሦስትን በነፃ መጋበዝ ነው። ጨምር።

ተራን መርሳት

መጀመሪያ ተናጋሪ ሆነህ ጥንድ ሰባት ከያዝክና ከኋላህ መጨመር የሚወዱ ሁለት ሰዎች ከተቀመጡ፣ መጣል ነውር አይደለም።

እንደገና ሲጨመርብህ እልህ መግባት

15 ትከፍታለህ፤ ዝምተኛው ሰው 60 ይላል። እጅህ ላይ ጥንድ አስር አለ። ሁለት ሰዓት የጠበቅከው። «በቃ፣ ሁሉንም!»

ቆይ፣ እንቁጠር። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ጠረጴዛ ላይ 60 ሲል በአብዛኛው ጥንድ ኤስ፣ ጥንድ ኪንግ፣ ጥንድ ኩዊን ወይም ኤስ-ኪንግ ነው። ሦስቱ ጥንዶች እያንዳንዳቸው በ6 መንገድ ይመጣሉ፤ ድምሩ 18። ኤስ-ኪንግ በ16 መንገድ። በ18ቱ ላይ የማሸነፍ ዕድልህ 19 በመቶ ገደማ ነው። በ16ቱ ላይ ደግሞ 56። ሲደባለቅ 36 በመቶ ይሆናል። ለዚህ ነው 300 ዶላር የምትገፋው?

መከተሉም ቢሆን ይታሰብበት። ከከፈትክ በኋላ 285 ከቀረህና 45 ከተጠየቅክ ስድስት እጥፍ ብቻ ነው። ቀበጡ ሰው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዝምተኛው ከሆነ ግን ይጣላል።

ጋሼ አሁንም ያንን ጠረጴዛ አይለቁም። በቀደም ጥንድ አስር ይዤ 15 ስከፍት 60 አሉኝ። ጊዜ ወስጄ ቆጠርኩና ጣልኩ። እሳቸውም ካርታቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። ኤስ-ኪንግ ነበር።

ቡና ስንቀዳ ስለ ልጆቻቸው ነው ያወራነው።