ከሰማያዊ በርሜል የፓራፋንጎ ፍሌር እንዴት እንደሚሠራ

ለአሮጌዋ ፒክአፔ ሰፋ ያለ ጎማ ያስገባሁት ለመንዝ መንገድ ብዬ ነበር። ጎማው ከፓራፋንጎው፣ ማለትም ከላዩ ካለው የጭቃ መከላከያ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል ወጣ። ያምራል። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው በሩን፣ መስታወቱን፣ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ሳይቀር ይለስን ጀመር። ጎማውን የሚከልለውን ቅጥያ፣ ማለትም ፍሌሩን፣ ልገዛ ሄድኩ። ዋጋውን ስሰማ አመስግኜ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በፒቪሲ ቱቦ ነው። ሰንጥቄ፣ እሳት ላይ አለስልሼ ዘረጋሁት። ይህን አትድገሙ። አንደኛ ጭሱ መርዝ ነው። ሁለተኛ ፒቪሲ ብርድ አይችልም። ኅዳር ላይ፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ አንዲት ጠጠር ነካችውና እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ።

መልሱ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነበር፤ 200 ሊትር የሚይዘው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል። ብርድ አይሰብረውም፣ ሲመታ ይመለሳል። ዙሪያው 1.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዙሪያውን ተቆርጦ የሚወጣ አንድ ቀለበት ለአንድ ጎማ የፓራፋንጎ ቅስት ይበቃል። ክብ ሆኖ ስለተሠራም ለማጠፍ እሳት አያስፈልገውም፤ ከፈት ስታደርጉት ራሱ ቅስቱ ላይ ይለጠፋል። የፈሳሽ ሳሙና የነበረበትን ፈልጉ። ሻጩ ምን እንደነበረበት ካላወቀ ይቅርባችሁ።

ቅስቱን በሲባጎ ለኩ። የእኔ 1.4 ሜትር ሆነ። ለስፋቱ ጎማው የወጣበትን ውሰዱና ወደ ውስጥ ለታጠፈው የፓራፋንጎ ጠርዝ 3፣ ለትርፍ 2 ሴንቲሜትር ጨምሩ። እኔ 10 ሴንቲሜትር ቆረጥኩ። በርሜሉ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ዝለሏቸው።

መቁረጫው ሴጌቶ፣ ማለትም የብረት መጋዝ፣ ነው። ግራይንደር የሚሉ አሉ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ የቀለጠውም ዲስኩ ላይ ይጋገራል። በሴጌቶ ክንድ ይዝላል፣ ግን መስመሩ ቀጥ ይላል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው።

ቀለበቱ ወደ ውስጥ በታጠፈው ጠርዝ ሥር ይገባና በቡሎን ይታሰራል። እኔ በማለዳ፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣ በየ20 ሴንቲሜትሩ ለ6 ቡሎን ልክክ ያለ ቀዳዳ በሳሁ። ዳዶውንም (ቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠበቀውን) እስኪበቃው አጠበቅኩ። ሲያልቅ የፋብሪካ ይመስል ነበር። በዚያው ሳምንት ጭነት ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ጃኬት ደርባችሁ ትነሳላችሁ፣ ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ተሻግራችሁ ቆላው ስትደርሱ ሸሚዙም ይከብዳል። ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ወርጄ ሳይ ፍሌሩ በየቡሎኑ መሃል እንደ ሽሮ ድስት ፊት ተኮፍሷል። ሽታው የመጣው አንዱ እብጠት ጎማውን ሲፍቅ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ይህ ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት በጣም አብልጦ ይረዝማል። 1.4 ሜትር የሆነው ቀለበት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ከ5 ሚሊሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ቡሎኑ ግራና ቀኝ ከያዘው መሄጃ የለውምና ያብጣል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከላይ፣ ለቅስቱ መሃል የቀረበውን አንዱን ቀዳዳ ብቻ ልክ አድርጋችሁ ብሱ። ፍሌሩን ቦታው ላይ የሚይዘው እሱ ነው። በሁለቱም ጎን ያሉትን ሌሎቹን በቀለበቱ ርዝመት አቅጣጫ ሞላላ አድርጓቸው፤ 14 ሚሊሜትር ያህል ይርዘሙ። በትራፓኖ (በመብሻው) ሁለት ቀዳዳ አጠጋግታችሁ ብሱና መሃሉን በሞረድ አገናኙት። ይህ ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ነው፤ ብረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ ይሁን። ቡሎኑ የሞላላው ወገብ ላይ ይቀመጥ። ሰፊ ራንዴላ (ቡሎኑ ሥር የሚገባ ክብ ብረት) አድርጉ፣ አለበለዚያ ቀዳዳው ያሾልከዋል። ዳዶውን በጣት አጥብቁና በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። እንዳይፈታ ሁለተኛ ዳዶ ደርቡበት። ሪቬት ፈጣን ነው፣ ግን ነክሶ ይይዛልና ለዚህ አልወደውም።

የቡሎኑ ራስ ወደ ጎማው፣ ጫፉና ዳዶው ወደ ላይ ይሁን። አንድ ጓደኛዬ ገልብጦ አስሮት፣ መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የቡሎኑ ጫፍ አዲስ ጎማውን ሸረከተለት። ከዚያ ወዲህ ቡሎን ስናስር መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው።

የበሳችሁትን ብረት በአንቲረስት ቀቡ። በብረቱና በፕላስቲኩ መሃል ከአሮጌ ከለመዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) የተቆረጠ ስስ ጎማ አስገቡ፤ ጭቃና ውሃ እንዳይቋጥር፣ እንዳያንቋቋም። ለውጪው ጠርዝ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አልብሱት፣ መልክ ይሰጠዋል። ቀለም አትቀቡት፤ ይህ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም፣ በሁለት ሳምንት ይላጣል። ጥቁር በርሜል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ ፀሐይንም የተሻለ ይችላል። የእኔ ሰማያዊ ነው፣ መኪናዋ ነጭ። የሰፈር ልጆች «ባለ ቀሚሷ» ይሏታል።

ከመውጣታችሁ በፊት መሪውን ግራም ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሩ። ከዚያ ኋላ ላይ ሰው ጭናችሁ አንዱን ጎማ ድንጋይ ላይ አውጡና እዩ። የሚነካ ካለ በሴጌቶ ቀንሱለት። ከሳምንት በኋላ ዳዶዎቹን አንዴ ፈትሹ።

ከበርሜሉ የተረፈውን ቂጡን እናቴ አጥባ ጤና አዳም ተክላበታለች።