እንሶስላ የሞቀ ጣትና የኦክስጅን መለኪያው

ሱሉልታ አካባቢ በምሠራበት ሆስፒታል ትርፍ አንጀቷ ያመማት ወጣት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ገባች። የእህቷን ሰርግ ስታስተናግድ ሰንብታ አሥሩም ጣቶቿ እንሶስላ ሞቀው ጠቁረዋል። ከመጀመሪያው ሲዋዥቅ የነበረው፣ ጣቷ ላይ የተቆነጠጠው የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ሙሉ ሰመመን ከሰጠናት በኋላ 84 በመቶ ላይ ቆሞ ይጮህ ጀመር።

ከመሣሪያው በፊት መጠርጠር ያለበት ትንፋሹ ነው። የምትተነፍሰውን ኦክስጅን ወደ 100 በመቶ ከፍ አድርጌ የመተንፈሻ ቱቦዋን ፈተሽኩ። አየር ወደ ሁለቱም ሳንባዎች እኩል ይገባል፤ ከትንፋሿ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስክሪን የሚያሳየው ሞገድ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይመስላል፤ ከንፈሯም ቀይ ነው። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህ መለኪያ የሚሠራው በጣት ውስጥ በሚያልፍ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ሲውጠው ንባቡ ይዛባል። የጥፍር ቀለም ቢሆን በአሴቶን በጠረግነው፤ እንሶስላ ግን ቆዳ ውስጥ ስለሚሰርግ ተጠርጎ አይለቅም። መቆንጠጫውን ጉትቻዋ ከሚንጠለጠልበት የጆሮዋ ጫፍ ላይ አደረግሁት። ጥቂት ቆይቶ 98 አሳየ፤ ጩኸቱም ቆመ።

ጆሮ ካልተመቸ መቆንጠጫውን አዙሮ ጣቱን ከጎንና ከጎን መያዝም ይሞከራል። በሰርግ ሰሞን ታካሚ ከመተኛቱ በፊት እጁን ማየት አይከፋም።