ለጉልበት ሕመም የእርድ እንክብል ሲወስዱ

አልጫ ላይ የሚነሰነሰው እርድና በእንክብል የሚሸጠው እኩል አይደሉም። በዱቄቱ ውስጥ ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 3 ግራም የምትመዝን አንድ የሻይ ማንኪያ 90 ሚሊ ግራም ብትሰጥ ነው። በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት ሕመም) ጥናቶች በብዛት የተሰጠው ግን 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ነው።

ኩርኩሚን የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ ዘይት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱት። በዚያው ሰሞን ሌላ አዲስ ነገር አይጀምሩ፤ የትኛው እንደረዳዎት መለየት ይቸግራል። ማታ ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እየለኩ ይጻፉ። በ8 ሳምንት ለውጥ ካላዩ ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ይተዉት።

ደም የሚያቀጥኑትን ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ ደም የመፍሰስ አደጋው ሊጨምር ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ በፍጹም አይጀምሩ። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰውም ቢቀርበት ይሻላል። ቁንዶ በርበሬ የተጨመረበት እንክብል ኩርኩሚኑ በብዛት ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ያጋጠሙትም በተለይ በእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሰውነትዎን ካሳከከዎት ወዲያው አቁመው ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ብልቃጡንም ይዘው ይቅረቡ። ቀዶ ሕክምና ካለብዎት ከ2 ሳምንት በፊት ያቁሙ።