ለፍሎው ሌብል የሶኬት ኤፒአይ ስትነድፉ

የአይፒቪ6 (የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ስሪት 6) ሄደር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) መጀመሪያ ላይ ባለው መግለጫ ውስጥ፣ «ፍሎው ሌብል» የምትባል 20 ቢት ቦታ አለች። ራውተሮች የአንድ ፍሰት ፓኬቶችን በአንድ መንገድ ለመላክ ሊጠቀሙባት ይችላሉ። ትንሽ ላይብረሪ ልጽፍላት ብዬ ሁለት ቀን ፈጀችብኝ፤ እናንተ እንዳትለፉ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ቁጥሩን ፕሮግራመሩ እንዲመርጥ አታድርጉ። ሰው 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል። በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6437 (የፍሎው ሌብል የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ) ግን የሚፈልገው በእኩል የተበተነና ለመገመት የሚያስቸግር ቁጥር ነው። የእኔ ፋንክሽን መድረሻ አድራሻ ብቻ ይቀበላል። ሊኑክስ ላይ ዜሮ ሰጥታችሁ «ሌብል ፍጠር» ስትሉት ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ራሱ በዘፈቀደ ይመርጣል። ዜሮ እዚህ «አንተ ምረጥ» ነው፤ ፓኬቱ ላይ ግን «ሌብል የለም»። አታምታቱ።

ቀጥሎ ሶኬቱ (ፕሮግራሙ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት በር) ላይ ሌብል የመላኪያውን አማራጭ አብሩ። ሌብሉን የመድረሻ አድራሻው ስትራክት (የመረጃ መዋቅር) ውስጥ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ሌብሉ ከከርነሉ የተዋሳችሁት ስለሆነ የመመለሻ ፋንክሽንም ይኑራችሁ።

እኔን ያንገበገበኝ የባይት ቅደም ተከተል ነው። ለሙከራ 5 ብዬ የላክሁት ዋየርሻርክ (ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ሌላ ቁጥር ሆኖ ቁጭ! ላፕቶፔ ትንሹን ባይት ያስቀድማል፣ ኔትወርክ ትልቁን። ከርነሉ መርጦ የሚመልሰው ግን አስቀድሞ በኔትወርክ ቅደም ተከተል ነው፤ ድጋሚ ብትቀይሩት ታበላሹታላችሁ። ይሄን ሁሉ ላይብረሪው ውስጥ ቅበሩት፣ ጠሪው አይየው።

ደግሞ ሌብሉ አይመሰጠርም፤ መንገድ ላይ ሊቀየር ይችላል። ለፈቃድ መፈተሻ አትጠቀሙበት።